የወንድሜ ሦስተኛ ኩላሊት

ከዚህ በፊት ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጦርነቱ ጅጅጋ ሲደርስ ከእናቴ ጋር ወደ ሐረር ሸሸን፤ ስንመለስ እኔ ረዝሜ ነበርና ከትንንሾቹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ አፍሬ በዚያው ቀረሁ። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ሰው ነኝ። ነገር ግን የሆነውን ያየሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ሌላ የሚጽፈውም ስለሌለ፣ እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። የምጽፈው የሌላ ሰው ኩላሊት ተተክሎለት የሚኖር ሰው ቤታቸው ላለ ሰዎች ነው። በተለይ አገሩን ወረርሽኝ ሲይዘው ምን እንደሚገጥማቸው እንዲያውቁ ብዬ ነው።

በሽታው መጀመሪያ የታየው በዓይኑ ላይ ነው። ወንድሜ ሙሉጌታ ምሥራቅ ጀርመን የውሃ ሥራ ሊማር ሄዶ ነበር። እናታችን ስታርፍ ለለቅሶ መጣ። ጠዋት ጠዋት የዓይኑ ቆብ አብጦ ይነሳል። ለቅሶ ቤት ነውና ማንንም አልገረመም፤ የሁላችንም ዓይን አብጦ ነበር። "የእናቱ ልጅ ነው፤ አልቅሶ አልወጣለትም" እያሉ ያዝኑለት ነበር። ድንኳኑ ፈረሰ። ለቀስተኛው ተበተነ። የእኛ ዓይን ጎደለ፤ የሱ አልጎደለም። ቀጥሎ እግሩ አበጠ። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል። ሽንቱ አረፋ እንደሚይዝ የነገረኝ ኋላ ነው። ያኔ ግን "አውሮፕላን ላይ ብዙ ተቀምጬ ነው" ብሎኝ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሳያስር ተመልሶ ሄደ።

እዚያ ሲመረምሩት ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደርቀው አገኟቸው። ደሙን በማሽን ማጠብ ጀመሩ፤ ዳያሊሲስ ይሉታል። ከዚያ በመኪና አደጋ የሞተ የአንድ ሰው ኩላሊት ተገኘና ተከሉለት። እኛ ይህን ሁሉ የሰማነው ካለፈ በኋላ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሻንጣውን ግማሹን ልብስ ግማሹን መድኃኒት ሞልቶ ወደ ጅጅጋ ተመለሰና የውሃ ሥራ ቢሮ ውስጥ ተመደበ።

ሲመጣ ፊቱ ክብ ሆኖ፣ ጉንጩ ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ "ጀርመን ተስማምቶታል" አለ። የተስማማው ጀርመን አልነበረም፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ክኒን ፊት ያሳብጣል። አዛቲዮፕሪን የሚባል ሌላም ነበረው። ሁለቱም የሚሰጡት ሰውነቱ የገባበትን እንግዳ ኩላሊት እንዳይዋጋ ነው። መዋጋት የተወ ሰውነት ግን በሽታንም አይዋጋም። ጋሼ ይህን ሲያስረዳኝ "ዘበኛውን አስተኝተነዋል፤ ስለዚህ ሌባ እንዳይገባ በሩን የምንጠብቅ እኛ ነን" አለኝ። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ።

አሮጌዎቹን ኩላሊቶች እዚያው ከጀርባው ትተዋቸዋል። አዲሱ ከእምብርቱ በታች በቀኝ በኩል ነው ያለው። ሸሚዙን ገልጦ እጄን አስቀመጠልኝ። ከቆዳው ሥር እንደ ጡጫ ያለ ነገር ነካሁ። ሞቅ ይላል። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ሳቀ።

ጎረቤታችን ኤዶ ሐሊማ ወተት ነጋዴ ናት። ኤዶ በሱማልኛ አክስት ማለት ነው፤ እኛም እንደዚያው እንጠራታለን። ኩላሊቱን ለመጠየቅ መጣችና እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

"አቦ ሙሉጌታ፣ ይሄ ኩላሊት ሙስሊም ነው ክርስቲያን?"

"ኮሚኒስት ነው ኤዶ።"

"ወላሂ? ይጾማል?"

"አይጾምም። ሐኪሞቹም ከልክለውታል።"

"እንግዲያ አንተ ጹም፣ እሱ ለብቻው ይብላ!" አለችና በራሷ ቀልድ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትመጣ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ ኩላሊቱን ነበር ሰላም የምትለው። ያመጣችለትን የግመል ወተት ካላፈላሁት አልሰጠውም ማለቴ ብቻ ያናድዳታል። የፈላ የግመል ወተት ለሷ የሞተ ወተት ነው። "ለበሽተኛ ሬሳ ታጠጪዋለሽ" ትለኛለች። ጥሬ ወተት ግን ተከልክሎ ነበር። የተከለከለው ብዙ ነው። ያልበሰለ ነገር፣ ያልፈላ ውሃ፣ ሰው የታጨቀበት ቤት፣ የሚያስል ሰው። ከሁሉ በላይ ጨው። ፕሬድኒሶሎኑ ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ ጨው ሲጨመርበት የደም ግፊቱ ይወጣል፤ ግፊቱ ኩላሊቱን ይመታዋል። ስለዚህ የእሱ ድስት ለብቻው ነው። እኔ እየረሳሁ የእሱን ማማሰያ ከእኔ ወጥ ውስጥ እንዳልከት ብዬ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬ ነበር። እንደዚህ አድርገን ዓመታት ኖርን። ደህና ነበር። የኖርነውን ደህና ዘመን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ወረርሽኙ የመጣው ስደተኞች በብዛት ከድንበር ማዶ በሚገቡበት ዓመት ነው። የሰፈሩበት የሐርተሼክ ሜዳ ሁሉ ድንኳን ሆኖ ነበር። ውሃ የሚሄድላቸው ከጅጅጋ በቦቴ ነው። በመጀመሪያ አንዱ መንደር ውስጥ ሰው በተቅማጥ ሞተ ተባለ። ቀጥሎ እኛው ሰፈር። ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ማንም አያውቅም፤ ስደተኛውም ከተሜውም እኩል ነበር የሚሞተው። በቀበሌ ስብሰባ "የሆድ በሽታ" ብቻ ተባለ። ጋሼ ግን ቤት ገብቶ በቀስታ "ኮሌራ ነው። ዓለምን የሚዞር ነው። በሌሎች አገሮችም አለ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቢሮ አልሄደም። አለቃው ደግ ሰው ነበሩና የሥራ ወረቀቱን ቤት ድረስ ይልኩለት ነበር።

እኔ በር ላይ ቆምኩ።

ይህ ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኛ አገር ሰው ታመመ ከተባለ ሰው ይመጣል። አልታመመም፣ እንዳይታመም ነው የተቀመጠው ብትል የሚሰማህ የለም። የቢሮ ጓደኞቹ መጡ፤ የእናታችን ወዳጆች መጡ። ብርቱካን ይዘው፣ ዳቦ ይዘው፣ ጉንጩን ሊስሙት። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ "አይገባም" እላለሁ። ድምፄ ስለማይሰማ ደግመው ይጠይቁኛል። ደግሜ እላለሁ።

አንዷ የእናቴ ወዳጅ "አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሽው እንዴ?" አሉኝ።

"በሽታ እንዳይዘው ነው እማማ።"

"እኔ ነኝ በሽታ?"

ብርቱካኑን ደፍ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ከኋላቸው ቆሜ አለቀስኩ። ሰው እየቀነሰ መጣ። ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ኤዶ ሐሊማ ብቻ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ "ሙሉጌታ! ኮሚኒስቱ ደህና ነው?" ብላ ትጮሃለች፤ እሱ ከውስጥ "ደህና ነው!" ይላታል። የሚሰማው የውጭ ድምፅ ይህ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ሰው የሚወድ ሰው ነው። ብቻውን ሲቀመጥ እንደ ታሰረ ሆነ። ሲበላ ግድግዳውን ያያል። ክኒኑን ውጦ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ "ይህን የምውጠው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔም ረስቼዋለሁ" አለኝ አንድ ቀን። የተተከለላቸውን ሰዎች የምታስታምሙ፣ ይህን ልብ በሉ። እኔ የፈራሁት ሆዱን ነበር። የተጎዳው መጀመሪያ ልቡ ነው።

አብዲ የቢሮው ሹፌር ነበር። ጋሼን ወደ ሥራ የሚያመላልሰው እሱ ነው። መኪናዋ ጉድጓድ ስትደርስ ቀስ ይላል፤ "ሦስተኛዋን አላንገጫግጫትም" ይላል። ወረርሽኙ ሲመጣ ቦቴ እንዲነዳ አዘዙት። ሐርተሼክ ውሃ ሲያደርስ ታመመ። በማግሥቱ ሞተ።

ኤዶ ሐሊማ ናት በአጥሩ ላይ የነገረችን። ጋሼ ተነሳ። ገብቶ ኮቱን ለበሰ።

"የት ነው?" አልኩት።

"አብዲ ጋ።"

"ጋሼ፣ አይሆንም።"

"ጥሩዬ፣ እኔ ስሞት ሰው እንዲመጣ ትፈልጊያለሽ?"

መዝጊያውን ያዝኩ።

"እንግዲያ መንገድ ልቀቂ።"

ለቀቅኩለት።

ርቆ ሊቀመጥ፣ ምንም ላይቀምስ ነበር የሄደው። እንደዚያም አደረገ። ሊነሳ ሲል ግን የአብዲ እናት መጣች። "ልጄ ስምህን ይጠራ ነበር" አለችው። በእጇ ውሃ ያለበት ጣሳ ይዛለች። በዚያ ጊዜ ውሃ ውድ ነው፤ ለለቀስተኛ ሁሉ አይታደልም። ለሱ ብላ ያመጣችው ነው። "ከንፈሬን ብቻ ላረጥብ አስቤ ነበር" አለኝ ሲመለስ። "ግን እያየችኝ ነበር። ጠጣሁት።"

ከዚያ ውሃ ይሁን ከሌላ፣ አላውቅም። ሴትዮዋን አንድም ቀን ጠልቻት አላውቅም። ልጇን ቀብራ ውሃ የሰጠች እናት ናት።

ጥቂት ቀን አለፈ። አመለጥን ብለን ነበር።

ጠዋት ነው። ሆዱ ጮኸ። ወጣ። ተመለሰ። ደግሞ ወጣ። ሕመም የለውም። ቁርጠት የለውም። የሚወርደው የሩዝ ውሃ ይመስላል። ከዚያ አስመለሰው። ክኒኖቹ ሳይሟሙ ወጡ። ሌላ ሰጠሁት። እነሱም ወጡ። ዓይኑ ገባ። የእግሩ ባት እየታሰረ ያሠቃየዋል። የእጁን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደ ታጠፈ ቀረ።

ሰፈራችንን የሚያገለግለው ጤና ረዳት መጣ። ያኔ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። በፈላ ውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠን፤ ኦአርኤስ ይባላል። በጠበጥኩና ሰጠሁት። ጋሼ አንዴ ቀምሶ ጣሳውን ገፋው።

"ጨው አለው።"

"ጨውና ስኳር ነው" አለ ጤና ረዳቱ።

"ጨው ክልክል ነው ለእኔ። ለኩላሊቴ።"

ጤና ረዳቱ እኔን አየኝ። እኔም "አዎ፣ ክልክል ነው" አልኩ። ቀይ ክር ያሰርኩበት ማማሰያ ምድጃው አጠገብ ተሰቅሏል። ሰውየው የሌላ ሰው ኩላሊት ያለው ሰው በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ራሱን እየነቀነቀ "ክልክል ከሆነማ ይቅር። እንዳንጎዳው። ንጹሕ ውሃ አብዝታችሁ ስጡት" አለና ዱቄቱን ወደ ቦርሳው መለሰ። ሦስታችንም የተስማማነው እሱን ለማዳን ነው። በቤታችን ጨው ማለት ሞት ነበር። ሞት በዚያ ቀን በሌላ በኩል እንደመጣ ማናችንም አላየንም።

ንጹሕ ውሃ ሰጠሁት። የጠጣው ሁሉ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ሽንቱ ቆመ። ስሙን ስጠራው ዘግይቶ ነው የሚመልስ።

ኤዶ ሐሊማ አጥሩን አልፋ ገባች። አልከለከልኳትም። ጋሪ ጠራች። ባለጋሪው ሽታውን ሲሰማ ሊሸሽ ፈለገ፤ የፈረሱን ልጓም ያዘችና በሱማልኛ የሆነ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው ጠይቄያት አላውቅም፤ ሰውየው ግን አንገቱን ደፍቶ ተሳፈሩ አለን። ጋሼን እኔ እግሩን፣ እሷ ራሱን ይዘን አስተኛነው። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም እጃችን ወደ አንድ ቦታ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ሆዱ።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንኳኖች ተተክለው ነበር። አልጋዎቹ የሸራ ናቸው፤ መሃላቸው ተቀዶ ከሥር ባልዲ አለ። ሰው ብዙ ነው። የሚጮህ የለም። ኮሌራ የያዘው ሰው አይጮህም።

ኩባዎች ያኔ አገራችን ነበሩ፤ ከነሱ መካከል አንድ ሐኪም ድንኳኖቹን ይዞር ነበር። ወንድሜ የተለየ ሰው መሆኑን ልነግረው ፈለግሁ። አፌ አልከፈት አለ። ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አለፈ። በሦስተኛው እጅጌውን ያዝኩት። መናገር ስላቃተኝ የጋሼን ሸሚዝ ገለጥኩለት።

ጠባሳውን አየ። እጁን አስቀመጠበት። ከዚያ መሬቱ ላይ ተንበረከከ።

"ትራንስፕላንት?"

"አዎ።"

"መድኃኒት? ስም?"

"ፕሬድኒሶሎን። አዛቲዮፕሪን።" የማውቃቸው የባዕድ ቃላት እነዚህ ነበሩ፤ አልተሳሳትኩም።

"ዛሬ?"

"አስመለሰው። ሁሉንም።"

በራሱ ቋንቋ ጮኸ፤ ነርስ መጣች። በሁለቱም ክንዱ ግሉኮስ የምንለውን ሰቀሉለት፤ ኋላ ሳነብ የተጻፈበት ሪንገር ላክቴት ነበር። ቀጥለው ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል መርፌ በደም ሥሩ ሰጡት። የምታስታምሙ ሁሉ ይህን ዕወቁት፤ ፕሬድኒሶሎን ለዓመታት የዋጠ ሰው ክኒኑ ባንድ ጊዜ ሲቋረጥበት በዚያ ብቻ ሊሞት ይችላል። ካስመለሰው በመርፌ መተካት አለበት። ይህን የነገረችኝ ነርሷ ናት።

ማታ ላይ ዓይኑን ገለጠ። ሐኪሙ በጣሳ የተበጠበጠውን ኦአርኤስ ይዞ መጣ። ጋሼ አፉን ዘጋ። እዚያ ደርሶም ሕጉን አልረሳም።

ሐኪሙ ገባው። በተሰባበረ አማርኛ፣ ጣቱን እያወዛወዘ፦

"ትናንት ጨው ጠላት። ነገ ጨው ጠላት። ዛሬ ጨው ጓድ ነው። ጓድ ጨው! ጠጣ!"

ጋሼ በዚያ ሁኔታው ሳቀ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ። ጠጣው።

ተቅማጡ ቆመ። ሽንቱ ግን አልመጣም። ሐኪሙ በየጠዋቱ ሌላ ነገር አይጠይቀኝም፤ "ሽንት?" ይለኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ። ሄዶ ሌላውን በሽተኛ ያያል። እኔ ባዶውን ጣሳ ይዤ እቀመጣለሁ። ሰው ለወርቅ እንደሚጸልይ ሰምቻለሁ። እኔ ለሽንት ጸለይኩ። ኤዶ ሐሊማም በራሷ ጸሎት በአልጋው ማዶ ሆና ለዚያው ትጸልይ ነበር።

መጣ። ጥቂት፣ ጥቁር ሻይ የመሰለ። ጣሳውን ወስጄ ለሐኪሙ ሳሳየው ግንባሬን ሳመኝ፤ አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ቤት ተመልሰን በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ የተቀመጠበት፣ ኤዶ ሐሊማ አጥሩ ላይ ተደግፋ የገበያውን ወሬ ሁሉ የምታወራለት፣ የቢሮ ሰዎች አንድ በአንድ ከደጅ ቆመው ሰላም የሚሉት፣ ብርቱካኑን ደፍ ላይ ያስቀመጡት የእናቴ ወዳጅ እንኳ መጥተው "ልጄ፣ ያኔ አልገባኝም ነበር" ያሉኝ፣ ያ ጊዜ ተሽሎታል የምንልበት ጊዜ ነበር። ፊቱ ክብነቱን ጥሎ የድሮ ፊቱን መሰለ፤ የእናታችንን አጥንት ያየሁበት ያኔ ነው። ሐኪሙ ደሙን ወደ ሐረር ልኮ ክሬአቲኒን የሚባለውን አስመረመረ፤ ኩላሊቱ ከሚያጣራው ቆሻሻ ስንቱ ደም ውስጥ እንደቀረ የሚያሳይ ነው። ውጤቱን አይቶ ወረቀቱን አጠፈው።

"ኩላሊት ተጎድቷል። ይሠራል። ትንሽ ይሠራል። መድኃኒት አንድ ቀን አይቅር።"

መድኃኒቱ ግን የሚመጣው ከጀርመን ነበር። አብሮት የተማረ ጓደኛው እዚያ ቀርቶ፣ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ነበር የሚልክለት። በወረርሽኙ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ከዚያ ኩባዎቹ ሄዱ። ሐኪሙ ያለውን ፕሬድኒሶሎን ሰብስቦ በካርቶን ሰጠንና ወንድሜን አቅፎት ቆየ። ከዚያም ራሱ ያ የጀርመን አገር መናወጥ ጀመረ፤ ጓደኛው የት እንደገባ አላወቅንም። እኛ ጅጅጋ ቁጭ ብለን፣ የማናውቀው ከተማ ውስጥ ሰልፍ ወጣ ሲባል በሬዲዮ ስንሰማ፣ ያ ሰልፍ የወንድሜን ክኒን የያዘ ነው ብሎ ማን ያስባል?

በአውቶቡስ ሐረርም ድሬዳዋም ወረድኩ። ፋርማሲ ገብቼ ባዶውን ጠርሙስ አሳያለሁ። "ፕሬድኒሶሎን አለ፤ ይሄኛው የለም" ይሉኛል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድም ፈልጎ አጣ። ቤት ስመለስ ጋሼ አዛቲዮፕሪኑን በምላጭ እየገመሰ ሲውጥ አገኘሁት። ቆየት ሲል ሩቡን። ከዚያ አለቀ።

ትኩሳት መጣ። ከሆዱ በታች ያለው ቦታ ጠጠረ፤ ሲነኩት ያመዋል። ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ቆብ አብጦ ነበር። መስታወት አላሳየሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

በሆስፒታሉ ያገኘነው አዲስ ሐኪም ወጣት አበሻ ነው። ውጭ ጠርቶኝ እንዲህ አለኝ፦ "እህቴ፣ አልደብቅሽም። ሰውነቱ ኩላሊቱን እየጣለው ነው። እዚህ የማደርግለት የለኝም። ሐረር እልከዋለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ማሽን ከተገኘ..." እኔም እንዲጨርሰው አልጠየቅሁትም።

አምቡላንሷ በማለዳ ተነሳች። ምጥ የጠናባት አንዲት ሴት አብራ ተጫነች። ለአስታማሚ የቀረው አንድ ቦታ ነበር፤ የምጧ ሴትዮ እናት ተቀመጡበት። እኔ በአውቶቡስ ልከተል ተባለ። አውቶቡሱ በዚያ ቀን አልተነሳም። በማግሥቱ ሐረር ስደርስ ወንድሜ አርፎ ነበር። ያች ሴት ግን በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ።

የቀበርነው ሐረር ነው። ከጅጅጋ ብዙ ሰው መጣ። የአብዲ እናትም መጣች።

አሁን ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሙን የማላውቀውን ኩባዊ ሐኪም፣ እጃቸው ሲቆስል እያየሁ ያን ሁሉ ባልዲ ያጠቡትን ነርሶች፣ ወንድሜን ተሸክማ በሽታውን ያልፈራችውን ኤዶ ሐሊማን አመሰግናለሁ። በጀርመን የሞተውንና ኩላሊቱ እኛ ቤት የኖረለትን ሰውም። እናት ካለችው፣ ልጇ እኛ ዘንድ በክብር እንደኖረ ብነግራት ደስ ይለኛል።

ምክር መስጠት አይገባኝም። ያም ሆኖ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐኪም የከለከለውን ነገር ስትጠብቁ፣ የከለከለበትን ምክንያት ጠይቁና ያዙ። እኛ ክልከላውን ይዘን ምክንያቱን አልያዝንም ነበር፤ ሰውነት ውሃውን ሲያፈስ ያው ጨው መድኃኒት እንደሚሆን የነገረን የለም። መድኃኒቱን ካስመለሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የተተከለለት መሆኑንም መጀመሪያ ተናገሩ፤ መናገር ካቃታችሁ ጠባሳውን አሳዩ። ለክፉ ቀን የሚሆን ክኒን ከአንድ ሰው እጅ ብቻ አትጠብቁ። በር ላይ ቁሙ፤ ነገር ግን በሩን ስትዘጉ በመስኮት ወይም በአጥር የሚያወራው ሰው አታሳጡት። ለቅሶ ልሂድ ካለስ? ለዚህ መልስ የለኝም። እስካሁን አስቤበት አላገኘሁም።

እንደዚህ ሁሉ አድርጋችሁም ላይድን ይችላል። ይህንን ደብቄ ብጽፍ የሚጠቅማችሁ አይመስለኝም።

አምቡላንሷ ስትነሳ የኋላው በር ገና አልተዘጋም ነበር። እኔ ነጠላ ብቻ ደርቤ፣ የሸበጤ አንዱ ጠፍቶኝ፣ የጅጅጋ የማለዳ ንፋስ እየነፈሰብኝ መንገዱ ላይ ቆሜያለሁ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፦

"ብርድ ነው ጥሩዬ፣ ግቢ።"